ከበረኪናው ባልዲ እስከ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛው፦ የመሣሪያ ንጽሕና የት ላይ ይጠፋል?

የኦፕራሲዮን ቁስል ሲያመረቅዝ ምክንያት የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። አንዱ «ብርድ ገባው» ይላል፣ ሌላው «ምች መታው»፣ ጠጋ ብሎ የሰማ ደግሞ «ሐኪሙ በደንብ አልታጠበም ነበር» ብሎ ይፈርዳል። በሆስፒታሉ ግቢም ወሬው ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ስክራብ ነርሷ (ታጥባ መሣሪያ የምታቀብለው) ነካካች፣ ተለማማጁ ሐኪም ጠረጴዛውን ተደገፈ፣ በሩ እየተከፈተ እየተዘጋ አላሠራ አለ። ይህ ሁሉ በእርግጥ ይደርሳል። ነገር ግን ንጽሕናው ከምናስበው በላይ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ታካሚው ጠረጴዛ ላይ ከመውጣቱ ከሰዓታት በፊት፣ ሐኪሙ ዓመት እስከ ዓመት የማይረግጠው ክፍል ውስጥ ነው። ትኩረታችንና ገንዘባችን ግን ሌላ ቦታ ይውላል።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ችግር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽንን ለመከላከል መመሪያ ሲያወጣ፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ኦፕራሲዮን ከሚደረግላቸው 100 ሰዎች 11ዱ በዚህ ኢንፌክሽን እንደሚያዙ፣ በአፍሪካ በኦፕራሲዮን ከሚወልዱ እናቶች ደግሞ እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ቁስላቸው እንደሚመረቅዝ ገልጾ ነበር። በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2020 የታተመ ትንተናም ወደ 12 በመቶ የሚጠጋ ውጤት አግኝቷል። ቁስሉ ያመረቀዘባት አራስ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ በመሄድ ፈንታ ሳምንታት ትተኛለች፤ ባሏ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ያጣውን መድኃኒት ከውጭ ይገዛል፤ የሷን አልጋ የምትጠብቅ ሌላ ሴት ኮሪደር ላይ ትቆያለች።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሕግ ግልጽ ነው። ታጥቦ ስቴራይል (ከማንኛውም ጀርም የጸዳ) ጋውንና ጓንት ያደረገ ሰው የሚነካው ስቴራይል የሆነውን ብቻ ነው። ያላደረገው ሰው ደግሞ ከመሣሪያው ጠረጴዛ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፣ እጁንም በላዩ አያሳልፍም። ጋውን የለበሰውም ቢሆን ሁለንተናው ንጹሕ ተደርጎ አይቆጠርም። የሚታመነው ከደረት እስከ ጠረጴዛው ከፍታ ያለው የፊት ክፍል፣ እንዲሁም ከክርን ትንሽ ከፍ ብሎ ጀምሮ ያለው እጅጌ ብቻ ነው። ጀርባ፣ አንገት፣ ብብት፣ ከወገብ በታች፣ ሁሉም ውጭ ናቸው። ስክራብ ያደረጉ ሰዎች እጃቸው ሥራ ሲፈታ ደረታቸው ፊት አጣምረው የሚቆሙት፣ ሲተላለፉም ፊት ለፊት ወይም ጀርባ ለጀርባ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ታች የተንጠለጠለው ጨርቅም ስቴራይል አይባልም፤ ወደዚያ ተንሸራትቶ የወረደ የስፌት ክር ተጎትቶ አይመለስም።

ጥቅል አከፋፈቱም የራሱ ሥርዓት አለው። ሰርኩሌቲንግ ነርሷ (ስቴራይል ጋውን ሳትለብስ ከዳር ሆና ዕቃ የምታቀርበው) በጨርቅ የተጠቀለለ የመሣሪያ ስብስብ ስትከፍት መጀመሪያ ከሷ የራቀውን ጫፍ ትገልጣለች፣ ቀጥላ ግራና ቀኙን፣ ወደሷ ያለውን መጨረሻ ላይ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጠችው ክንዷ በተከፈተው መሣሪያ ላይ ያልፋል፤ ከእጅጌዋ የሚራገፈው አቧራና የቆዳ ቅርፊትም እዚያው ላይ ያርፋል። ሳላይን (ስቴራይል የጨው ውኃ) ስትቀዳ የጠርሙሱን አፍ ምንም ሳታስነካ አንዴ ትቀዳለች፤ የተረፈው ይደፋል እንጂ ለሚቀጥለው ታካሚ አይቀመጥም።

ይህን ሁሉ ተማሪ ነርሶች በቃላቸው ይወጡታል፣ ብዙዎቹም በጥንቃቄ ይሠሩበታል። ነገር ግን ሕጉ በሙሉ የቆመው ጥቅሉ ውስጥ ያሉት መቀስና መቆንጠጫ እውነትም ስቴራይል ናቸው በሚል እምነት ላይ ነው። ስቴራይልነት ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ያልጸዳውም የጸዳውም መቀስ እኩል ያበራሉ። ነርሷ የምታየው ጥቅሉ ላይ የተለጠፈውን ቴፕ ነው። ሰያፍ መስመሮቹ ከጠቆሩ ጥቅሉ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው፤ ከዚህ ያለፈ ነገር አይነግራትም። እንፋሎቱ ጨርቁን አልፎ መሃል ላይ ወዳለው መሣሪያ ስለመድረሱ፣ ደርሶም በበቂ ሙቀት በቂ ጊዜ ስለመቆየቱ ቴፑ አያውቅም። ይህን ለማወቅ ጥቅሉ ውስጥ የሚቀመጥ የኬሚካል ኢንዲኬተር ያስፈልጋል። ማሽኑ በትክክል እየገደለ መሆኑን ለመፈተሽ ደግሞ ሙቀት የሚቋቋም ባክቴሪያ ስፖር (ባክቴሪያው በጠንካራ ሽፋን ተከልሎ የሚቆይበት መልክ) ያለበት መመርመሪያ በየጊዜው አብሮ ይገባል። በብዙ ቦታ ያለው ግን ቴፑ ብቻ ነው፤ እሱም ሲያልቅ በተራ የሐኪም ፕላስተር ይተካል።

እንግዲህ ወደ ሲኤስአር እንውረድ። መሣሪያ የሚታጠብበት፣ የሚጠቀለልበትና አውቶክሌቭ የሚደረግበት ክፍል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሕንጻው ሥር ወይም ከኮሪደሩ ጫፍ ይገኛል። ባለሥልጣን ለጉብኝት ሲመጣ አዲሱን አልትራሳውንድ እንጂ ይህን ክፍል አያሳዩትም።

የመሣሪያው ጉዞ የሚጀምረው ከበረኪና ባልዲ ነው። 5 በመቶ ከሆነው በረኪና አንድ እጅ፣ ውኃ ዘጠኝ እጅ፤ 0.5 በመቶ ክሎሪን ይሆናል፤ 10 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ቀመሩ ለዓመታት በየሥልጠናው ሲሰጥ ኖሯል፣ በየግድግዳውም ተለጥፏል። የታሰበውም ለበጎ ነበር፤ ዕቃ የሚያጥቡትን ሠራተኞች ከኤችአይቪና ከጉበት ቫይረስ ለመጠበቅ። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 የሕክምና መሣሪያዎችን ስለማጽዳት ባወጣው ማኑዋል ከእጥበት በፊት እንደ በረኪና ባለ ዲስኢንፌክታንት (ጀርም ገዳይ) መዘፍዘፍን አይደግፍም። ክሎሪን ደም በበዛበት ውኃ ውስጥ ኃይሉን ያጣል። ብረቱንም ይበላዋል፤ የተበላው ቦታ ላይ የሚፈጠሩት ጥቃቅን ጉድጓዶች፣ በተለይ በመቀሱ መጋጠሚያ አካባቢ፣ ለሚቀጥለው ደም መደበቂያ ይሆናሉ። የከፋው ግን መዘናጋቱ ነው፦ «በረኪና ውስጥ ቆይቷል» የተባለ ዕቃ እጥበቱ ለይስሙላ ይሆናል። ሠራተኛውን የሚጠብቀው ወፍራም ጓንት፣ የፊት መከለያና ሽርጥ ነው፤ ባልዲው የእነዚህ ምትክ ሆኖ ቆይቷል ብል አልተሳሳትኩም።

እጥበቱ ከአውቶክሌቩ ይቀድማል፣ በጥቅምም አያንስም። የደረቀ ደም የሸፈነው ጀርም እንፋሎቱ ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። መቆንጠጫ ጥርሱና መጋጠሚያው ተከፍቶ፣ እንዳይረጭ ከውኃው በታች ሆኖ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ ቱቦ መሳይ መሣሪያ ውስጡ በቀጭን ብሩሽ ይጠረጋል። ይህን የሚሠራው ሰው በብዙ ሆስፒታል በጽዳት ሠራተኛነት የተቀጠረና ከባልደረባው እያየ የተማረ ነው። የደረጃ ዕድገቱ የማይታወቅ፣ ሥልጠና ሲመጣ ስሙ ከዝርዝሩ የሚቀር ሰው። ቀዳጁ ሐኪም የሚይዘው መቀስ በዚህ ሰው እጅ ያለፈ ቢሆንም ሁለቱ በስም አይተዋወቁም።

ከዚያ ድራሙ ይመጣል። በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው የሚታወቀው፣ ጎኑ ላይ ቀዳዳዎችና ቀዳዳዎቹን የሚከፍት የሚዘጋ ተንሸራታች ቀለበት ያለው ክብ የብረት ዕቃ ነው፤ ጎዝና ጋውን ይገባበታል። አውቶክሌቭ ሲገባ ቀዳዳው ክፍት መሆን አለበት፤ ሲወጣ ወዲያው መዘጋት። ተረስቶ ተዘግቶ ከገባ እንፋሎቱ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ ውጭ ያለው ቴፕ ግን ይጠቁራል። ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ መደርደሪያው ላይ አየር ሲያስገባ ያድራል። በትክክል ቢሠራም ከአንድ ድራም ቀኑን ሙሉ እየተከፈተ ጎዝ ይወጣበታል፤ ጠዋት ስቴራይል የነበረው ከሰዓት ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በየታካሚው የተለየ ትንሽ ጥቅል ማዘጋጀት ይህን ችግር ያቃልለዋል፤ ብዙ ጨርቅና ብዙ እጅ ግን ይጠይቃል።

ስለ ከፍታ እምብዛም ሲነገር አልሰማም፤ ለእኛ አገር ግን ጉዳዩ ከማንም በላይ ይመለከተናል። አውቶክሌቭ የተሠራው በ1879 በፈረንሳይ ነው፤ የፓስተር ባልደረባ የነበረው ሻርል ሻምበርላን የሠራው ይህ ማሽን ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው፦ ውኃ በታፈነ ዕቃ ውስጥ ይፈላል፣ ግፊቱ የእንፋሎቱን ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የተለመደው መመሪያ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ላይ 121 ዲግሪ ይገኛል የሚል ነው። ይህ ለባሕር ጠለል እውነት ነው። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ሲሆን፣ አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች የውጭው አየር ራሱ የሳሳ ነው፤ ውኃም እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደጋ ላይ ባቄላ ከቆላው ይልቅ ለመብሰል የሚያስቸግረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የግፊት መለኪያው መርፌ 15 ሲያሳይ ውስጥ ያለው የተጣራ እንፋሎት ሙቀት ወደ 117 ዲግሪ ነው። 121 ለመድረስ መርፌው ወደ 19 መጠጋት አለበት፤ ደብረ ብርሃንና ደብረ ታቦር ላይ ከዚያም ትንሽ ከፍ ይላል። አራት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ሙቀት የሚቋቋሙ ስፖሮችን ለመግደል የሚያስፈልገው ጊዜ ግን በነዚያ አራት ዲግሪዎች ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። አዳዲሶቹ ማሽኖች በሙቀት ስለሚመሩ ራሳቸው ያስተካክሉታል። በመርፌ ብቻ የሚሠሩት አሮጌዎቹና በምድጃ ላይ የሚጣዱት ትንንሾቹ ግን አያስተካክሉትም፤ የሚያዩትን ቁጥር የሚያርም ሰው ያስፈልጋቸዋል። ቴርሞሜትር ያለው ማሽን ካለ ግፊቱን ትቶ ሙቀቱን ማየት ነው።

ማሽኑ ውስጥ አየር ሲቀርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አየርና እንፋሎት ሲደባለቁ መርፌው ትክክለኛውን ግፊት ያሳያል፣ ሙቀቱ ግን አይደርስም። አጨናንቆ መጫን፣ ጥቅል በጥቅል ላይ መደራረብ፣ አየሩ እስኪወጣ አለመታገሥ ሁሉም ወደዚህ ያመራሉ። ከዚህም አልፎ ጥቅሉ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ለሥራ አይበቃም፤ እርጥብ ጨርቅ ከመደርደሪያውና ከተሸካሚው እጅ ጀርም ወደ ውስጥ ይስባል። ሲኤስአር ውስጥ ሙቅ ጥቅል ብርድ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ሥሩ ላብ አውጥቶ ያየ ሰው የማወራው ይገባዋል። ሌሊት ሦስተኛዋ ድንገተኛ ወላድ ስትመጣና ያሉት የሲ ሴክሽን ስብስቦች ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ መብራትም መሃል ላይ ሄዶ ሲመለስ፣ «እርጥብ ነውና እንደገና ይግባ» የሚል ሰው ማግኘት ከባድ ነው። እናትና ልጅ በሚጠፉበት ሰዓት ይህን የምትል ነርስ ጨካኝ ትመስላለች። ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ ሦስተኛውን ስብስብ ያልገዛው ነው።

ይህን ክፍል መጠገን ውጤት እንደሚያመጣ ከራሳችን አገር ማስረጃ አለ። ጤና ሚኒስቴር በ2016 ሳልትስ በሚባለው ምኅጻር የሚታወቀውን የአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና መርሐ ግብር ከጀመረ በኋላ፣ ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ክሊን ከት የተሰኘውን ሥራ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ሞክሯል። ትኩረቱ ስድስት ነገሮች ላይ ነበር፦ የእጅና የቆዳ ዝግጅት፣ የጋውንና የመሸፈኛ ጨርቆች ይዞታ፣ የመሣሪያ ስቴራይልነት፣ አንቲባዮቲክን በሰዓቱ መስጠት፣ የጎዝ ቆጠራ እና የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት። ውድ ማሽን አላመጡም። በየሆስፒታሉ ያለው ቡድን መሣሪያው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ የቱ ጋ እንደሚሰናከል ደረጃ በደረጃ ጽፎ ራሱ እንዲያርም አደረጉ። በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት የቁስል ኢንፌክሽን አደጋ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። የጋውኑን ነገር ለብቻው ላንሣው፤ የምንጠቀምበት አረንጓዴ ጥጥ ከብዙ እጥበት በኋላ ይሳሳል፣ ወደ መስኮት ብርሃን ሲያዝ ቀዳዳው ይቆጠራል። መጠቅለያው ላይ ያለ ቀዳዳ ደግሞ ጥቅሉን በሙሉ ከንቱ ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2016 መመሪያ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትም ታጥቦ የሚመለሰውም ያገለግላል ይላል፤ ስለዚህ ነገሩ ከውጭ ማስገባት ሳይሆን ከመታጠፉ በፊት በብርሃን ማየትና ያረጀውን ያለ ይሉኝታ ማውጣት ነው።

ሌላው ማስረጃ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችና ከሩቅ ነው። በ2022 የታተመው ቺታ የተሰኘ ጥናት በቤኒን፣ ጋና፣ ሕንድ፣ ሜክሲኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሩዋንዳና ደቡብ አፍሪካ በሚገኙ 81 ሆስፒታሎች 13,301 ታካሚዎችን አሳትፏል። የተፈተነው ነገር ቀላል ነው፤ የሆድ ኦፕራሲዮን ሲያልቅ፣ ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት፣ ጓንትና መዝጊያ መሣሪያዎቹን መቀየር። ኢንፌክሽኑ ከ18.9 በመቶ ወደ 16 በመቶ ወረደ። ይኸው ቡድን በ2021 በነዚሁ አገሮች ባወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በአልኮል የተሠራው የቆዳ ማጽጃ ክሎርሄክሲዲንና ጀርም ገዳይ የተቀባው ውድ ክር ከተለመደው አዮዲንና ከተራው ክር ጋር ሲነጻጸሩ ብልጫ አላሳዩም። ግዥ ክፍሎች ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያነቡዋቸው ጥሩ ነበር። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መሣሪያ መቀየር ማለት ለእያንዳንዱ ኦፕራሲዮን ሁለተኛ ስብስብ ማዘጋጀት ማለት ነው። ሁለተኛው ስብስብ የሚመጣው ደግሞ ከዚያው ባልዲ፣ ከዚያው መርፌ፣ ከዚያው እርጥብ መደርደሪያ ከሆነ የተቀየረው የመሣሪያው ቁጥር ብቻ ነው።

ስለ እጅ ዝግጅት ብዙ አልልም። ውኃ በሚቋረጥበት ሆስፒታል በጀሪካን ውኃ ከመታጠብ ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀ አልኮል ማሸት ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም ይቀበላል፤ ቀመሩም እዚሁ ሊዘጋጅ የሚችል ነው። እጁ የሚታይ ቆሻሻ ያለበት ሰው ብቻ አስቀድሞ በሳሙና ይታጠባል።

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ስንመለስ ትልቁ ጉዳይ የመናገር መብት ነው። የሐኪሙ ክርን የመብራቱን እጀታ ነካ እንበል። ያየችው ስክራብ ነርሷ ናት። «ዶክተር፣ እጅጌዎ ነክቷል» ማለት አለባት፤ እሱም ጋውኑን መቀየር። አንዳንዱ አመስግኖ ይቀይራል። አንዳንዱ «ምንም አይደል፣ ቀጥዪ» ይላል፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ነርሷ ብታይም አትናገርም። ታናሽ ለታላቅ፣ ነርስ ለሐኪም፣ ተማሪ ለፕሮፌሰር «ተሳስተዋል» ማለት በሚያሳፍርበት ባህላችን ይህ ዝምታ የማንም ግለሰብ ድክመት ተደርጎ መታየት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው ቼክሊስት ቆዳ ከመቀደዱ በፊት የነርሲንግ ቡድኑ ስቴራይልነቱን፣ የኢንዲኬተሩን ውጤት ጨምሮ፣ ጮክ ብሎ እንዲያረጋግጥ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ ጥያቄው የሚናገረውን ሰው ከይሉኝታ ያወጣዋል። በስምንት ከተሞች ተሞክሮ በ2009 ሲታተም ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ወረቀቱ እኛም ጋ አለ። ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ በአንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲሞላ ግን ፋይል ማሟያ ነው።

ክፍተቱን ሁሉ የምንደፍነው በአንቲባዮቲክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥ፣ ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ ደግሞ ለመከላከል ተብሎ እንዳይቀጥል ይላል። በዎርዶቻችን ግን ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ «ለማንኛውም» ተብሎ ለቀናት ይቀጥላል። የሚያዘው ሐኪም ምክንያቱን ቢጠየቅ እውነቱን ይናገራል፦ «መሣሪያውን አላምነውም»። ስለዚህ ያልተገዛው ኢንዲኬተር ወጪ ወደ ታካሚው ኪስ ይዞራል፤ መድኃኒቱም ከዓመት ዓመት ኃይሉን እያጣ ይሄዳል።

የሚያስፈልገው ተዘርዝሮ የማያልቅ አይደለም። በየጥቅሉ ውስጥ ኢንዲኬተር፣ በየሳምንቱ የስፖር ምርመራ፣ ለከፍታ የታረመ የአሠራር ሰሌዳ በየማሽኑ ላይ፣ ትርፍ ስብስቦች፣ ለሲኤስአር ሠራተኛ የሙያ ደረጃ። ከሁሉም በፊት ግን የማሽኑን ዙር (አውቶክሌቩ አንዴ ተጭኖ የሚሠራውን ሥራ) ከታካሚው ጋር የሚያገናኝ ቁጥር እንዲኖር እፈልጋለሁ። የቁስል ኢንፌክሽን እስከ 30 ቀን ድረስ ሊታይ ይችላል፤ ታካሚው ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይወጣል፣ ሲያመረቅዝም ብዙ ጊዜ የሚሄደው ቀበሌው ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ሆስፒታሉ ስለማይሰማ ሁሉም ደኅና ይመስለዋል። ጥቅሉ ላይ የማሽኑ፣ የዙሩና የቀኑ ቁጥር ተጽፎ፣ ሲከፈት ቁጥሩ ወደ ታካሚው ካርድ ቢገለበጥ፣ በ30ኛው ቀንም አንድ ሰው ስልክ ቢደውል፣ በአንድ ማክሰኞ ከአንድ ማሽን የወጡ ጥቅሎች የተጠቀሙባቸው አራት እናቶች አብረው ማመርቀዛቸው መዝገብ ላይ ይታያል። ለዚህ የሚያስፈልገው እስክሪብቶ፣ የስልክ ካርድና መዝገቡን በየወሩ ከፍቶ የሚያነብ ኃላፊ ነው።